ቆሻሻን ሲለይ የኖረው ማን ነው?

ቤሩት የገባች እህት በመጀመሪያው ሳምንት ከምትሰማቸው ቃላት አንዱ «ፑቤል» ነው። ፑቤሉን አውጪ፣ ፑቤሉ ሞልቷል፣ ፑቤሉን እጠቢው። አረብኛው ገና ሳይገባን ይቺን ቃል እንለምዳታለን። ብዙዎቻችንም አረብኛ ትመስለናለች። ግን ፈረንሳይኛ ናት። ፈረንሳዮች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊባኖስን ያስተዳድሩ ስለነበር ብዙ ቃላቸው በየቤቱ ቀርቷል። በፈረንሳይኛም ቢሆን ፑቤል መጀመሪያ የዕቃ ስም አልነበረም። የሰው ስም ነው።

ይህን ሳነብ በጣም ገረመኝ። እስከ አስረኛ ክፍል በታሪክ ትምህርት ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ተምሬያለሁ። ቆሻሻን ማን ያነሳው እንደነበር፣ ማንስ ይለየው እንደነበር ግን አንድ ገጽ እንኳን አልነበረውም። እኛ ደግሞ በየቀኑ የምንነካው እሱን ነው። አንዳንዶቻችን ጭራሽ «ዝባሌ» ተብለን ተሰድበናል፣ ቆሻሻ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ማታና በእሁድ እረፍቴ ይህን ታሪክ በስልኬ እየፈለግኩ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፣ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ።

የፓሪሱ ሹም

ኡዤን ፑቤል የሚባል ሰው በ1883 ፓሪስ ያለችበት የሴን አውራጃ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ያን ጊዜ የፓሪስ ሰው ቆሻሻውን የሚደፋው ከቤቱ ደጃፍ፣ መንገድ ዳር ነበር። ሹሙ ኖቬምበር 24 ቀን 1883 አንድ ደንብ አወጣ፣ ደንቡም ከጃንዋሪ 15 ቀን 1884 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ማንኛውም ባለቤት ለተከራዮቹ ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ቆሻሻውም በሦስት እንዲለይ ተባለ። በአንዱ የሚበሰብስ ነገር፣ በሁለተኛው ወረቀትና ጨርቅ፣ በሦስተኛው ብርጭቆ፣ የሸክላ ስባሪና ፈረንሳዮች የሚወዱት የአንድ የባሕር እንስሳ ጠንካራ ቅርፊት።

እንግዲህ ቆሻሻን ከቤት ጀምሮ መለየት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው። ከ140 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ባለቤቶቹ ወጪ በዛብን ብለው አጉረመረሙ። ጋዜጦችም በሹሙ ቀለዱበት፣ ዕቃውን «የፑቤል ሣጥን» አሉት። ቀልዱ ግን ስም ሆኖ ቀረ። በሦስት መለየቱን አብዛኛው ሰው ስላልተከተለው ከደንቡ የተረፈው ዕቃውና ስሙ ብቻ ነው። የተለየ ቆሻሻን ከየቤቱ ደጃፍ መሰብሰብ በፈረንጅ አገር እንደገና የተስፋፋው ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በካናዳ ኪችነር በምትባል ከተማ በ1983 ለየቤቱ ሰማያዊ ሣጥን ታደለ፣ ይህንንም ብዙ ከተሞች አይተው ተከተሉት።

ከሹሙ በፊት የነበሩት

በፑቤል ደንብ ላይ ከሁሉም አምርረው የጮኹት ግን ባለቤቶቹ አልነበሩም። ጨርቅ ለቃሚዎቹ ነበሩ። በፓሪስ በሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች ሌሊት ፋኖስና ጫፉ ቆልመም ያለ ብረት ይዘው፣ ቅርጫት በጀርባቸው አዝለው፣ ደጃፍ ላይ የተደፋውን ክምር ይፈትሹ ነበር። ወረቀት ለብዙ ዘመን ይሠራ የነበረው ከአሮጌ ጨርቅ ስለሆነ ጨርቁን ፋብሪካ ይገዛቸዋል። አጥንቱ ለማጣበቂያና ለልብስ ቁልፍ ይሆናል። ብርጭቆው ተመልሶ ይቀልጣል። ማንም ደንብ ሳያወጣላቸው ከተማውን ሲለዩለት የኖሩት እነሱ ናቸው። ሹሙ «ሁሉም በክዳን ይዘጋና በጋሪ ይሂድ» ሲል እንጀራቸውም አብሮ ጋሪው ላይ ተጫነ። አምርረው ስለጮኹ በኋላ ደንቡ ላላ ብሎ፣ ጋሪው ከመምጣቱ በፊት ዕቃውን ፈትሸው የሚፈልጉትን እንዲወስዱ ተተወላቸው።

በለንደን ደግሞ ይህ የሴቶች ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን የለንደን ቆሻሻ አብዛኛው ከየቤቱ ምድጃ የሚወጣ የድንጋይ ከሰል አመድ ነው። አመዱ ከከተማ ዳር በትልቅ ግቢ እንደ ተራራ ይከመራል። ሴቶች የቆዳ ሽርጥ አስረው፣ ክምሩ ውስጥ ቆመው፣ ቀኑን ሙሉ በወንፊት ይነፉታል። የላመው አመድ ለጡብ ሠሪና ለገበሬ ይሸጣል። ያልተቃጠለው ከሰል ጡብ ለመተኮስ ይሆናል። ጨርቁ፣ አጥንቱና ብረቱ ለየብቻ ይሄዳል። ግቢው የሀብታም ነጋዴ ነው፣ ትርፉም የእሱ ነው። የሴቶቹ ስም የትም አልተጻፈም።

ይህን ሳነብ እናቶቻችን ጤፍ ሲነፉ ትዝ አለኝ። እጁ ያው ነው፣ ወንፊቱም ያው። ልዩነቱ የነዚያ ሴቶች አቧራ ሳንባ የሚበላ መሆኑ ነው።

ካይሮ

ወደ እኛ አካባቢ እንቅረብ። በካይሮ ዘባሊን የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ከላይኛው ግብፅ፣ ከአስዩጥ አካባቢ፣ ድህነት ገፍቷቸው የመጡ ናቸው፣ አብዛኞቹም የኮፕት ክርስቲያኖች ናቸው። ወንዶቹ በየፎቁ ደረጃ እየወጡ ቆሻሻውን ከደጅ ያነሳሉ። ሴቶቹና ልጃገረዶቹ እቤታቸው ተቀምጠው በእጃቸው ይለዩታል። የምግብ ትርፍራፊው ለአሳማ ይሆናል። ፕላስቲኩ፣ ወረቀቱ፣ ቆርቆሮውና ጨርቁ በየዓይነቱ ተለይቶ ይሸጣል። ያጠኗቸው ሰዎች ከሚሰበስቡት ውስጥ 80 ከመቶ የሚሆነውን መልሰው ለጥቅም ያውሉታል ይላሉ። በትልልቅ መኪና የሚሠራ ከተማ እንኳን ይህን ያህል ማድረስ ይከብደዋል።

ግን ማን አመሰገናቸው? በ2003 አካባቢ መንግሥት ሥራውን ለውጭ ኩባንያዎች ሰጠ። ኩባንያዎቹ መንገድ ላይ ገንዳ አስቀመጡ። ሕዝቡ ከፎቅ ወርዶ ገንዳ ጋ መሄድ አልለመደም፣ መኪኖቹም ጠባቡ ሰፈር አልገባ አላቸው። በ2009 ደግሞ የአሳማ ጉንፋን የሚባለው በሽታ ሲወራ፣ ግብፅ ውስጥ አንድም ሰው ሳይያዝ፣ መንግሥት በአገሩ ያለ አሳማ ሁሉ ይታረድ አለ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ አሳማ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘባሊኖቹ የምግብ ትርፍራፊ ለምን ያንሱ? ማን ይበላዋል? ትርፍራፊው በካይሮ መንገዶች ላይ ተከምሮ ሸተተ። የሚለየውን ሰው የናቀ ከተማ መጨረሻው ይሄው ነው።

ቆራሌውና ቆሼ

እኛም አገር አለ እኮ። አዲስ አበባ ያደገች ሁሉ ጠዋት በሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ታውቀዋለች። «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ብረት ድስት ይገዛል። ዕቃው መርካቶ ይወርዳል። ምናለሽ ተራ ላይ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም ማንደጃ ይሆንና ተመልሶ ይሸጣል። እናቴ ጠርሙስ አትጥልም ነበር፣ ሃይላንድም አትጥልም። ለዘይት፣ ለጋዝ ወይም ለጎረቤት ይሆናል። እቤታችን የሚጣል ነገር ጥቂት ነበር። መለየትን ማዳም አላስተማረችንም፣ ከቤታችን ይዘነው ነው የመጣን።

ያደግኩት ኮልፌ ነው። ስለዚህ ቆሼን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቆሼ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ከዚያ ላይ ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ ይኖር ነበር። ቤትም ሠርተውበት ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 በእኛ አቆጣጠር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ቤቶቹን ዋጣቸው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሄደን ዝም ብለን ተቀመጥን፣ የሚያስተምርም የሚማርም አልነበረም።

እንዲህ ያለ ተራራ የሚሠራው ሁሉም ነገር ተቀላቅሎ፣ ሳይለይ፣ ዓመት ከዓመት አንድ ቦታ ሲደፋ ነው። ከታች ይበሰብሳል፣ ከላይ ይከመራል። ሲናድ የሚያገኘው ደግሞ ቆሻሻውን የጣለውን ሰው አይደለም፣ ከሥሩ የሚኖረውን ነው።

ቤሩት

ቡርጅ ሐሙድን ሁላችንም እናውቃለን። እሁድ እንጀራና ቡና ፍለጋ የምንሄደው እዚያ ነው። ከ1975 እስከ 1990 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የቤሩት ቆሻሻ ከሚደፋባቸው ቦታዎች አንዱ የቡርጅ ሐሙድ ባሕር ዳርቻ ነበር። ተራራ ሆነ። በ1997 ተዘጋና በምትኩ ከቤሩት በስተደቡብ ናዕሜ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ ሌላ መቅበሪያ ተከፈተ። ለጊዜው የተባለው ከ15 ዓመት በላይ ቆየ። የናዕሜ ሰዎች በቃን ብለው ጁላይ 17 ቀን 2015 ሲዘጋ፣ የሚተካው ቦታ ስላልተዘጋጀ ቆሻሻው በቤሩት ጎዳናዎች ላይ ቀረ። ያኔ እዚህ የነበሩ እህቶች ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ከረጢቱ ከመኪና በላይ ተቆልሎ፣ ሰው እሳት እየለኮሰበት፣ ጭሱ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ውስጥ ይገባ ነበር። ሕዝቡ «ሽታችሁ ወጣ» እያለ በመንግሥት ላይ ለሰልፍ ወጣ። በ2016 እንደገና በቡርጅ ሐሙድ በኩል ባሕሩ ዳር አዲስ መቅበሪያ ተከፈተ። በ2018 ደግሞ ቆሻሻ ከምንጩ፣ ማለትም ከቤት ጀምሮ ይለይ የሚል ሕግ ወጣ፣ ቁጥሩ 80 ነው። የፑቤል ደንብ ከ134 ዓመት በኋላ የፑቤል ስም የሚጠራበት አገር ደረሰ ማለት ነው።

እሺ፣ ሕጉ «ከቤት» ሲል ማን ጋ ነው? ሠራተኛ ባለበት ቤት የሽንኩርቱን ልጣጭ የሚጥለው ማን ነው? የላብኔውን ዕቃ ባዶ የሚያደርገው፣ ከረጢቱን አስሮ የሚያወርደውስ? ሕጉን የጻፉት ሰዎች ስማችንን አላነሱም። ሥራው ግን የሚጀምረው ከእኛ እጅ ነው።

ከእኛ ቀጥሎ ያለውም ሰው እንደኛ ስደተኛ ነው። ገንዳውን ወደ ካሚዮን የሚገለብጡት ብዙዎቹ የባንግላዴሽና የሶርያ ሰዎች ናቸው። በ2020 የሊራ ዋጋ ሲወድቅና ደሞዛቸው ሲረግፍ፣ የባንግላዴሽ የጽዳት ሠራተኞች ሥራ አቁመው አድማ መቱ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰባቸው። ከካሚዮኑ በፊት ደግሞ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ጣሳና ፕላስቲክ የሚለቅም ልጅ አለ። ከረጢታችንን በባዶ እጁ የሚፈታው እሱ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 4 ቀን ወደቡ ፈነዳ። እዚህ የነበርን ሁሉ መጥረጊያ ይዘን ለሳምንታት መስታወት ጠርገናል። ካራንቲና ያለው የቆሻሻ መለያ ጣቢያም ተጎዳ። ያኔ በጎ ፈቃደኞች ንጹሑን መስታወት ለብቻው ሰብስበው ወደ ትሪፖሊ ብርጭቆ ፋብሪካዎች ላኩት፣ ቀልጦም ማሰሮና ብርጭቆ ሆነ። ከሲሚንቶ፣ ከእንጨትና ከብረት ጋር የተደባለቀው ግን ለዚህ አልሆነም። መስታወቱ ያው አንድ መስታወት ነበር። የለያየው ለብቻ መሰብሰቡ ነው።

ከኩሽናችን የሚጀምረው

አሁን ወደ ሥራው። ፑቤል ሦስት አለ። ለእኛ ሁለት ከረጢትና አንድ ካርቶን ይበቃል።

አንደኛው ለእርጥብ ነው። የባቅዱኒስ ግንድ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ የቡና አተላ። ሊባኖስ ውስጥ ከቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይሄ ነው። ሽታው፣ ዝንቡና ፈሳሹ ሁሉ የሚመጣው ከሱ ስለሆነ እሱን ለብቻው ካደረጋችሁት የቀረው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ያገለገለ ሶፍት፣ ዳይፐርና ሞዴስ ወደ ደረቁ እንዳይገቡ፣ እነሱን በትንሽ ፌስታል አስራችሁ ለብቻ ጣሉ።

ሁለተኛው ለደረቅ ነው። ሃይላንድ፣ ጣሳ፣ የሻምፖ ዕቃ፣ ወረቀት። የላብኔና የዘይት ዕቃ ለቅለቅ ይደረግ። ለዚህ ንጹሕ ውኃ አታባክኑ፣ ዕቃ የታጠበበት ውኃ ይበቃል። የአንድ ማሰሮ ዘይት ሙሉ ከረጢት ወረቀት ያበላሻል፣ ዘይት የነካውን ወረቀት የሚገዛ የለም። የፒሳ ካርቶን ቅባት ካለው ከእርጥቡ ጋር ይሂድ። ሌላውን ካርቶን ጠፍጥፉት፣ ቦታ አይይዝም። የበረኪና ዕቃ ስታለቀልቁ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙት፣ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ካርቶኑ ለጠርሙስ ነው። የተሰበረ ከሆነ በጋዜጣ ጠቅልሉት፣ ላዩ ላይ «እዛዝ» ብላችሁ በአረብኛ ጻፉ ወይም አስጽፉ። የምትጦሯት ሴትዮ የስኳር መርፌ የምትወጋ ከሆነ መርፌውን በጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ክዳኑን አጥብቁት፣ ደረቁ ውስጥ ግን አትጨምሩት። ባትሪም ለብቻው ነው።

አንዲት እህት «ካሚዮኑ ሁሉንም አብሮ ከጨመረው ምን ዋጋ አለው?» አለችኝ። ልክ ናት፣ በብዙ ሰፈር አብሮ ይጨምረዋል። ግን ካሚዮኑ ከመምጣቱ በፊት ልጁ ይመጣል። የደረቁን ከረጢት ለብቻው ከገንዳው አጠገብ ካቆማችሁለት እጁን መርፌና በሰበሰ ነገር ውስጥ አይከትም። በአንዳንድ ሰፈር ደግሞ ደረቁን ከቤት መጥተው የሚወስዱ፣ ወይም ብትወስዱላቸው የሚቀበሉ አሉ።

ሌላዋ ደግሞ «ሥራ ትጨምሪብናለሽ» አለችኝ። እዚህ ላይ ሁለቱን እንለይ። ሲጣል ጀምሮ ሁለት ቦታ መጣል ሥራ አይጨምርም፣ እጅ ይለምደዋል። አንዴ የተቀላቀለን ቆሻሻ መልሶ በእጅ መልቀም ግን ሌላ ሥራ ነው፣ አደጋም አለው። ጓንት ሳይሰጣችሁ የጎረቤቱንና የእንግዳውን ቆሻሻ ዘርግታችሁ እንድትለዩ ብትታዘዙ፣ ያ የለንደን ሴቶች ሥራ ነው። ለማዳም በረጋ መንፈስ እንዲህ በሏት፦ «ሁለተኛ ፑቤል ግዢልኝ፣ ቤተሰቡም ሲጥል ለይቶ ይጣል፣ ጓንትም እፈልጋለሁ።» ማዳሜ መጀመሪያ ሳቀች። ሁለተኛውን ዕቃ ስታይ ግን ልጆቿን ራሷ መቆጣት ጀመረች፣ ኩሽናው መሽተት ትቷላ።

እህቶቼ፣ ለስድቡ የማገኘው መልስ ይሄ ታሪክ ነው። ቆሻሻ የሚነካውን ሰው ቆሻሻ ብሎ መጥራት በፓሪስም፣ በካይሮም፣ በእኛም አገር ነበረ። ግን የትኛው ነገር ዋጋ እንዳለው፣ የትኛው እንደሚገድል የሚያውቁት እነዚያ ሰዎች ነበሩ። ሹሞቹ የተማሩት ከተማው ከሸተተ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በምትሠሩበት ሰፈር ደረቁን ማን እንደሚወስድ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ጠርሙስ የሚቀበል መኖሩን ጠይቁ። ናቱሩን ጠይቁ፣ ገንዳው ጋ ያለውን ልጅ ጠይቁ። እሁድ ስንገናኝ ያገኛችሁትን አምጡ፣ ለየሰፈሩ ዝርዝር እንሠራና በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ሰፈሯ ውስጥ ማንም የሌላት እህት ደግሞ እስከዚያው ሁለቱን ከረጢት ለየብቻ ትሰር፣ ስለታም ነገር ካለም ጠቅልላ ታስቀምጠው።